በኪሴ ይዣቸው የሄድኩት ሽማግሌ

ሰበታ የምኖርበት ሰፈር ሰዎች በስልኬ ሲያሾፉብኝ ዓመታት አልፈዋል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የት እንደደረስኩ በካርታ አያለሁ። መብራት ሲጠፋ በእሱ አበራለሁ፤ መስታወት ሳጣ ነጠላዬን አስተካክልበታለሁ፤ ወረፋ ስጠብቅ ሬዲዮ እሰማበታለሁ። የማላውቀው ሰፈር ስሄድ ስመለስ እንዳይጠፋኝ የወረድኩበትን ቦታ ፎቶ አነሳዋለሁ። ጠዋት አዲስ አበባ ሥራ ገብቼ ማታ ሰበታ የምመለስ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን የበላው መንገድ ነው። መንገድ የሚያቀልልኝን ነገር ብወደው ምን ይገርማል? ጎረቤቶቼ ግን «ይህን ስልክ ለምን አታገቢውም?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ እንጂ አልቀየምም። እሺ፣ አንዳንዴ እቀየማለሁ።

ያን እሁድ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እህቴ ትታው የሞተችው፣ እኔ ያሳደግኩት፣ ማንም «የእህትሽ ልጅ» ሲለኝ ደሜ የሚፈላ አንድ ልጅ አለኝ። ልጄ ነው። እሱ ደግሞ ሱሉልታ ዳር የምትኖር የገበሬ ልጅ ወደደ። ኮሌጅ ሳሉ ተዋወቁ፤ ትምህርቷን ጨርሳ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ ፍቅራቸው በስልክ ቀጠለ። እኛም በወጉ ሽማግሌ ላክን።

የመጀመሪያው ሽምግልና ውርደት ሆነ። ሽማግሌዎቹ እኔን ሳያማክሩ «ጠይቀን እንደርሳለን» ብለው ሄዱ። በእኛ አካባቢ አድራሻ ማለት «ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ፣ ቀዩ በር ጋ ስትደርሱ ሰው ጠይቁ» ነው። ሱሉልታ ደግሞ ወፍጮ ቤቱም ቀይ በሩም ሞልቷል። በጠዋት የተጠበቁት ሰዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ፤ የልጅቷ አባት በሩን አልከፈቱላቸውም። ንቀት ነው ብለው ነው የወሰዱት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልከፍትም ነበር።

ከዚያ በልጅቷ በኩል መልእክት መጣ። አባትየው አንድ ዕድል ብቻ ሰጥተዋል፦ እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሙሉ ሽማግሌ፣ ከመካከላቸውም በኦሮምኛ የሚያናግራቸው ሰው ያለበት። አማርኛ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ስለ ልጃቸው በሌላ ቋንቋ አልነጋገርም ብለው ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይህችኑ ልጅ የሚጠይቁ የሌላ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው። የኛዎቹ ከቀሩ ቃላቸውን ለእነዚያ ይሰጣሉ። ልጄ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ ሲዞር አየሁ እንጂ ሲውጥ አላየሁም።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

ዋናው ሽማግሌ የዕድራችን ሊቀ መንበር ነበሩ፤ አሮጌዋን ሰማያዊ መኪና የሚነዱትም እሳቸው ናቸው። መሪውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሴት ይዘን ሽምግልና ሄደን አናውቅም።»

«ሽማግሌ አልሆንም፤ መንገድ መሪ ነኝ። ባለፈው ሴት ሳትይዙ ሄዳችሁ የት እንደደረሳችሁ አይተናል» አልኳቸውና ከኋላ ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር በነጠላቸው አፋቸውን ከልለው ሳቁ። እሳቸው ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ነገር ሲጀምር ዝም፣ ነገር ሲበርድ ደግሞ አንድ ቃል ጣል የሚያደርጉ ሰው። ሦስተኛውን ፉሪ ላይ ጫንናቸው። ከድሮ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም እንደ «አቶ» በኦሮምኛ አክብረን «ኦቦ» ነው የምንላቸው። ባለፈው አልነበሩም። ኦሮምኛ የሚያውቁት፣ አባትየውን በወጉ ማናገር የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ የዚያን ቀን ሽምግልና በእሳቸው ምላስ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሎሚ እያሸተቱ ገቡ።

«መኪና አይስማማኝም» አሉ። ልብ ልንል ይገባ ነበር።

ሊቀ መንበሩ እንደልማዳቸው መሐል ከተማን አቋርጠው ሊሄዱ ነበር። እኔ ግን ከቤት ሳልወጣ ሾፌሮች የመንገድ ወሬ የሚቀባበሉበትን የቴሌግራም ግሩፕ አይቻለሁ፤ መሐሉ ለሩጫ ተዘግቷል። እሁድ ጠዋት የተለመደ ነው። «በቡራዩ እንሂድ፤ ከቡራዩ በላይ ተራራውን ዞሮ ሱሉልታ የሚያወጣ ጥርጊያ መንገድ አለ» አልኳቸው። አላመኑኝም። አየር ጤና ጋ መስኮት አውርደው አንድ ትራፊክ ጠየቁ። ትራፊኩም እንዳልኩት ነገራቸው። መስኮቱን ዘጉና መሪውን ወደ ቡራዩ አዞሩ። ደስታዬ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

ቡራዩ ስንደርስ ኦቦ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሎሚዋ ከእጃቸው ወደቀች። መኪናዋ ከመቆሟ በሩን ከፍተው መንገድ ዳር አስታወኩ፤ ከዚያ ቀና ማለት አቃታቸው። ምድር ትዞርብኛለች አሉ። ደግነቱ ያገባች ልጃቸው ቤት እዚያው ቡራዩ ነው፤ ደግፈን ወስደን አልጋ ላይ አስተኛናቸው። ልጃቸው ውሃ አቀረበች፣ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያዘች።

«እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ሂዱ» አሉ ኦቦ በደከመ ድምፅ።

«ሁለት ሆነን ሄደን ምን ልንባል ነው? በቋንቋቸውስ ማን ያናግራቸዋል?» አሉ ሊቀ መንበሩ። የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው ወደ በሩ ዞሩ። «አበቃ። ለሌላ ቀን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም እኮ! በዓይኔ ላይ ልጄ መጣብኝ፤ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ጉርሻውን ሲያዞር። ሰው ቤት መሆኔን ረስቼ ጮህኩ።

«ማንም አይመለስም! ኦቦ በዚህ ይሄዳሉ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

የኦቦ ልጅም እንደኔው ያለ ስልክ ነበራት። በቪዲዮ ደወልኩላት፤ እሷ ስልኳን ወደ አባቷ ስታዞር እኔ የእኔን ለኦቦ አሳየኋቸው፤ የራሳቸውን ፊት አዩ። ከትራሳቸው ትንሽ ቀና አሉ።

«በስልክ ሽምግልና? አባቶቼ ምን ይሉኛል?»

«አባቶችዎ በፈረስ ሄዱ፣ እርስዎ በመኪና መጡ። የተቀየረው ፈረሱ ነው እንጂ ሽማግሌው አይደለም።»

መምህሩ «እውነቷን ነው» አሉ። ያቺን አንድ ቃል ጣል አደረጓት። ኦቦ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ስልኬን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ወጣን።

ተራራው ላይ ጉም ጠበቀን። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። ኔትወርኩም ጠፋ፤ እኔ ግን ካርታውን ማታውኑ አውርጄ ስልኩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መንገዱ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ቆመው አህያ የሚነዳ ሰው ጠየቁ። ሰውየው በአገጩ ወደ ግራ እያሳየ «ሱሉልታ? እዚችው ናት፣ ቅርብ ነው» አላቸው። ካርታው ላይ ያለው የመኪና መስመር ግን ቀኙን ነው የሚለው። የስልኩን ኮምፓስ ከፍቼ አየሁት፤ የግራው መንገድ ወደ ሱሉልታ ቢያመራም ካርታው ላይ ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ለእግረኛና ለአህያ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለመኪና ግን ገደል ነው።

«በቀኝ» አልኩ።

«የአገሩ ሰው ነው እኮ የነገረኝ!»

«የአገሩ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ቀን እኔን ይስሙኝ፤ ከጠፋን ሰፈሩን ሰብስበው ይሳቁብኝ።»

በቀኝ ሄዱ። እያጉረመረሙ፣ እየተነፈሱ፣ ግን ሄዱ። ጉሙ ሲገለጥ የሱሉልታ ሜዳ ከታች ተዘርግቶ፣ ከብቶቹ ነጠብጣብ ሆነው ታዩ። ሊቀ መንበሩ ማጉረምረማቸውን አቆሙ። ደረቴ ሲነፋ ለራሴም ተሰማኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት የተሳቀብኝን አንድ በአንድ የመለስኩ መሰለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ልጅቷ የቤታቸውን ቦታ በስልክ ለልጄ ልካለት፣ እሱም ለእኔ ልኮልኝ ነበር። ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ተከትለን፣ መኪናዋ መሄድ ሲያቅታት በእግራችን ወጥተን ደረስን። ቤት የለም። ኮረብታ አናት ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ ጽድ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

ሊቀ መንበሩ ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ አዩት።

«ይህን ነው ልናጋባው የመጣነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስልኬን ሳየው ኔትወርኩን ሙሉ በሙሉ ይዟል። ለምን እዚህ ብቻ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ካሜራውን ከፍቼ፣ ሩቁን አቅርቤ፣ ከኮረብታው ሥር ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ቃኘሁ። አንዱ ደጅ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ቦቲ ጫማ ያደረጉ አዛውንት ቆመዋል። ዱላቸውን ተደግፈው የዋናውን መንገድ አቅጣጫ ያያሉ። ሰው የሚጠብቅ ሰው አቋቋም ነው። ከኋላቸው በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ፎቶዋን ልጄ ስንት ጊዜ አሳይቶኛል!

«እዚያ ናቸው! እየጠበቁን ነው!»

ለኦቦ ደወልኩላቸው። ደህና ናቸው፤ ዝግጁ ነኝ አሉ። ቁልቁል ወረድን።

አባትየው ከመንገዱ በኩል ሲጠብቁን ከተራራው በኩል በመምጣታችን ተገረሙ፤ ጠዋት መሆኑ ግን አስደስቷቸዋል። «አካም ቡልተን» ብለው እንዴት አደራችሁ አሉን፤ ሊቀ መንበሩና መምህሩ ደጁ ላይ ቆመው አጎነበሱ። በሽምግልና ሕግ የመጡበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ አይቀመጥም። አባትየው በዓይናቸው ቆጠሩን። እኔ እንዳልተቆጠርኩ ገባኝ።

«ሁለት ናችሁ። ሦስት ነበር ያልኩት።»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሦስተኛው መንገድ ላይ ታመሙብን፤ ግን አሉ። በስልክ አሉ።»

አባትየው ግንባራቸውን ቋጠሩ። እኔ ፈጥኜ ደወልኩ። አይጠራም። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት፤ አጥሩ ጋ ሄድኩ፤ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ምንም ኔትወርክ የለም። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ቆማ ስልክ ወደ ሰማይ ስታሳይ አስቡት። ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እዚህ አይሠራም» አለች ከበሩ ኋላ ልጅቷ። «ላይ፣ ጽዱ ሥር ብቻ ነው የሚሠራው።»

አባትየው ቀስ ብለው ዞሩ።

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ዝም ብትል፣ ሰው ሲል ሰማሁ ብትል ይታለፍ ነበር። እሷ ግን ከበሩ ወጣች።

«ከእሱ ጋር የማወራው እዚያ ሆኜ ነው፣ አባ።»

«ጥጃዋ ጠፋች እያልሽ በየቀኑ የምትወጪው?»

«ጥጃዋ ጠፍታ አታውቅም።»

ጓዳ ውስጥ ያሉት እናት ሳቃቸው አምልጧቸው በእጃቸው ሲያፍኑት ሰማሁ። ለካ ዛፉን ቤቴ ብላ የላከችው ልጅ ከዚያ ሌላ ቦታ ሆና ምንም መላክ ስለማትችል ኖሯል! እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አሁን ቁጣ ቢመጣ ሁሉም ነገር ያበቃለታል። አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ ኮረብታውን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ።

«ኮታ» አሉን። ኑ ማለታቸው ነው። ቀድመውን ሽቅብ መውጣት ጀመሩ።

ሊቀ መንበሩ በጆሮዬ «የሴት ልጅ አባት ወደ ሽማግሌ ሲሄድ ሰምቼም አላውቅም» አሉኝ። እናትየው አንድ እረኛ ልጅ አግዳሚ ወንበር አስይዘው ተከተሉን፤ ልጅቷ ግን በወጉ ደጅ ላይ ቀረች።

ጽዱ ሥር ስንደርስ ደወልኩ። የኦቦ ፊት ስልኬ ላይ ሞልቶ መጣ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለዋል። ሁለቱ ሰዎች በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ። ሰላምታው አያልቅም! ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ተጠያየቁ። እኔ እንደ ሐውልት ቆሜ ስልኩን ይዣለሁ፤ ክንዴ እየዛለ፣ ግን «እጅሽን ዝቅ ብታደርጊ እገልሻለሁ» እያልኩ ራሴን አስፈራራለሁ። ቋንቋውን ብዙም አልሰማም፤ የአባትየውን ፊት ነበር የማነበው። መጀመሪያ ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ፣ የኦቦ ንግግር ሲጥማቸው ደግሞ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ኦቦ የልጄን ስም ሲያነሱ ስልኩን ይበልጥ አቀረብኩላቸው።

አባትየው ግን እንደገና ፊታቸው ጠበቀ። ሁላችንም እንድንሰማ ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ንግግሩ ያማረ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በእግሩ ያልመጣ ሽማግሌ፣ ነገ ልጄ ብትቸገር በምን ይደርስላታል? በስልክ?»

ጥያቄው ልክ ነው። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት አዩ፤ መምህሩም ያቺ አንድ ቃላቸው ጠፋቻቸው። ያን ሁሉ መንገድ የመራኝ ስልክ እጄ ላይ ድንጋይ ሆኖ ከበደኝ።

ይኼኔ ከስልኩ ውስጥ የኦቦ ልጅ ድምፅ ተሰማ። ለእኛ አልነበረም፤ ለአባቷ ነው። «አባ፣ ታኣ! ታኣ!» እያለች ትለምናለች። ተቀመጡ ማለት ነው፤ ይህችን ያህል እኔም አውቃለሁ።

አባትየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ቆመው ነው እንዴ?»

«ስልኩን ራቅ አድርጊውና አሳዪን!» ብዬ ለኦቦ ልጅ ጮህኩላት።

ራቅ አደረገችው። ኦቦ ጠዋት ካስተኛንበት አልጋ አጠገብ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በአንድ እጃቸው ዱላቸውን ይዘዋል። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ያ ሁሉ ሰላምታ፣ ዝናቡ፣ ገብሱ፣ ከብቱ፣ እንዲህ ቆመው ነበር። እኛ የምናየው ፊታቸውን ብቻ ስለነበር አላወቅንም።

«ንግግሩ ከተጀመረ አንስቶ እለምናቸዋለሁ፤ እምቢ አሉኝ» አለች ልጃቸው ልታለቅስ እየቃጣት።

ኦቦ በአማርኛ መለሱላት፤ እኛም እንድንሰማ ይሆናል። «እነሱ እዚያ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ? ሽማግሌ ነኝ እኮ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርኩበትም። አባትየው ዱላቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ፤ ራስ መሸፈኛቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልኬን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወደ ፊታቸው አቀረቡት።

«ኦቦ» አሉ፣ «ታኣ።» ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተም ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሊቀ መንበሩና መምህሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቡራዩ ላይ ኦቦ ልጃቸው ደግፋቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ረጅም ትንፋሻቸው ተራራው ላይ ድረስ ተሰማን። ስልኬን አባትየው አልመልስ አሉኝ፤ ከኦቦ ጋር እንደገና ወሬ ጀመሩ፤ በዚህ የተነሳ ለልጄ ወዲያው መደወል እንኳ አልቻልኩም። እጄ ባዶ ሆነ። ባዶ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ እናትየው ተቀበሉኝ፤ እልል! እልል! ከታች ደጁ ላይ የቆመችው ልጅ ሰማችን። ወደ ኮረብታው ቀና ብላ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ስትጭን በዓይኔ አየኋት።